ቀይዋ እንዳትዘም

ኦክታቪዮ ከሞተ ጀምሮ የቀይዋ መኪና ቁልፍ የሚያድረው ወንድሙ ናሳሬኖ ኪስ ውስጥ ነው። ቀይዋ ባለ ሁለት በር ናት፤ አፍንጫዋ ረዥም፣ በወጣትነቷ በኮርዶባ ተራሮች ላይ ስትሽቀዳደም የኖረች። ነገ የቅድስት ሮሳ በዓል ነው፤ አሮጌ መኪኖች ሁሉ ተሰልፈው ተራራው ላይ ወዳለው ቤተ ጸሎት ይወጣሉ። የኦክታቪዮ ሚስት ኤዴልሚራ ዘንድሮ መሪውን ራሷ መያዝ አማራት። ዕድሜዋን ሙሉ ከጎን ተቀምጣ ለሚነዳው ማቴ፣ በቅል የሚጠጣውን ትኩስ የቅጠል ሻይ፣ ስትቀዳ ኖራለች፤ ይበቃታል።

«መንገዱ አንቺን ይበላል» አላት ናሳሬኖ። «ስትታጠፍ እንደ ሰካራም ትዘማለች።»

«የምትዘመው ዘንጉ ስለተሰነጠቀ ነው! አንተ መካኒክ ነህ ወይስ ጠንቋይ?»

እውነቷን ነው። ሁለቱን የፊት እግሮች አያይዞ የሚይዘው ብረት ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። ናሳሬኖ ውርርድ አመጣ።

«እሺ፣ አዲስ እገጥማለሁ። ከሰዓት በኋላ የኬብራቾው ዛፍ ያለበትን መታጠፊያ አንቺ ንጂ፣ እኔ እቀዳለሁ። ከቅሉ አንዲት ጠብታ ሱሪዬ ላይ ከወደቀች ቁልፉን እርሺው፤ ካልወደቀች የነገው መሪ ያንቺ ነው።»

መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ሁለቱንም የፊት እግሮች አንጠለጠለ። የዛጉት ቡሎኖች አልፈታ ሲሉት ዘይት እያጠጣ የቅዱሳንን ስም ያለ ቦታው ጠራ። ኤዴልሚራ አጠገቡ ተንበርክካ መፍቻ ታቀብላለች። አሮጌው ዘንግ ወጣ፤ አዲሱ ዘንጉን ከሚያቅፈው ላስቲክ፣ ከአዲስ ጎሚኒው ጋር ገባ። ይሄኔ ከጓሮ የጎድን ጥብስ ሽታ መጣ። ናሳሬኖ መኪናዋ እንደተንጠለጠለች ቡሎኖቹን በሙሉ ጉልበቱ ጥርቅም አደረጋቸው።

«መጀመሪያ በእግሯ አቁማት እንጂ!»

«ከሥጋ ጋር አልከራከርም» ብሎ ሄደ።

በልቶ ሲመለስ አወረዳት። የቀይዋ አፍንጫ እንዳኮረፈች ሙሽራ ወደ ላይ ቀረ። ኤዴልሚራ መከለያውን በመዳፏ ብትጫነው ከሥር ሲጥጥ አለ።

«አርጅታ ነው» አለ ናሳሬኖ።

«ያረጀኸውስ አንተ! ሳትበላ ያጠበቅከውን ቀበቶ አሁን ለምን ፈታኸው?»

ናሳሬኖ ወደ ሆዱ አየ። ቀበቶው እውነትም ተፈትቷል።

«እሷም ክብደቷ እግሯ ላይ ሲያርፍ ጎሚኒዋ ታነቀ። ፍታላት፣ ትቀመጥ፣ ከዚያ አጥብቅ።»

እያጉረመረመ የፊት ጎማዎቹን ወፍራም ሳንቃ ላይ አወጣ፤ ከሥር ገብቶ ቡሎኖቹን አላላ። ቀይዋ እፎይ ብላ አፍንጫዋን አወረደች። እንደቆመች አጠበቃቸው።

ኤዴልሚራ መሪውን ያዘች። ናሳሬኖ ቅጠል የሞላውን ቅል ጭኑ ላይ፣ ፔርሙዙን ጉልበቶቹ መሃል አድርጎ ተቀመጠ። ኬብራቾው ዛፍ ሲታይ ቅሉን እስከ አፉ ሞላ።

ናሳሬኖ ቢፈልግ ቅሉን ራሱ ያዘነብለዋል፤ ማን ይመሰክራል? ኤዴልሚራ ይህን ታውቃለች፤ ሆኖም ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። ፍጥነትም አልቀነሰች። ቀይዋ ሳትዘም መታጠፊያውን እንደ ጠባብ ጫማ ይዛው ወጣች።

ኤዴልሚራ ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ ኦክታቪዮ ያደርግ እንደነበረው፣ ወደ ጎን ሳታይ። ቅሉ ሙሉ እንደሆነ መዳፏ ላይ አረፈ።

አንድ ጊዜ መጠጠች።

«ቀዝቅዟል» አለች። «ነገ ስትቀዳልኝ ውሃውን በደንብ አሙቀው።»