ሰው ያልተስማማው ጉልበት

የአቶ ኅሩይ የብረት ጉልበት፣ በተገጠመላቸው በወሩ፣ አቶ ኅሩይን አልቀበልም አለ። መጀመሪያ ደረጃ ሲወጡ ተቆለፈ፤ ቀጥሎ በቃል አስታወቀ።

ሰውነት ብረትን አልቀበልም ማለቱ በሕክምና የታወቀ ነው። ብረት ሰውነትን አልቀበልም ሲል ግን የመጀመሪያው ስለሆነ ጉልበቱን የገጠመላቸው የሕክምና ኢንስቲትዩት ኃላፊ ዶክተር እንግዳወርቅ ዜናውን በደስታ ሰሙ። ጉልበቱን የሠሩት እሳቸው ናቸው። የማይዝግ ብረት እንደ ዱቄት አድቅቀው፣ በሰም ለውሰው፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ሰሙን አቅልጠው ካስወጡ በኋላ በእቶን ጋግረውታል። የቀድሞዎቹ ጉልበቶች ውስጣቸው ዓይን በማያየው ቀዳዳ የተሞላ ስለነበር ይሰነጠቁ ነበር። ይኸኛው ቀዳዳ የለውም። ሰውነትን የሚያስቆጣው ኒኬልም ወጥቶለታል። እንከን የለሽ ተብሎ ተሸልሟል።

አቶ ኅሩይ ከሕክምናው የፈለጉት አንድ ነገር ነበር። ልጃቸው አዜብ እሑድ ትዳራለች፤ ሙሽራ ደግሞ የአባቷን ጉልበት ሳትስም ከቤት አትወጣም።

በኢንስቲትዩቱ ቅሬታ ሁሉ የሚፈታው በግምገማ ነው። ቅሬታ ያለው ሂስ ያቀርባል፤ ሂስ የቀረበበት ግለ ሂስ ያደርጋል። ስብሰባ ተጠራ።

«እርስዎ ይጀምሩ» አሉ ዶክተሩ ጉልበቱን።

«ሰውዬው ልል ነው» አለ ጉልበቱ። «ደሙ ጨው ይበዛዋል። ጠዋት ጠዋት ያቃስታል። እኔ ስንት ጊዜ ተሻሽዬ ነው እዚህ የደረስኩት። እሱስ?»

ተሰብሳቢው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«አባባ፣ ሂሱን ይቀበላሉ?» አሉ ዶክተሩ።

«ጉልበቴ ነው እኮ!»

«ይኼ ግለ ሂስ አይደለም።»

አቶ ኅሩይ እሑድን አሰቡ። «እሺ፣ ጨው እቀንሳለሁ። ማቃሰቱንም እተዋለሁ። ሠርጉን ብቻ ያሳልፈኝ።»

«ከልቡ አይደለም» አለ ጉልበቱ።

አዜብ ከጥግ ተነሳች። «ቆይ፣ ዶክተር፣ እዚህ ታካሚው ማነው?»

«ይህንኑ እኮ ነው የምንገመግመው፣ እህቴ።»

በአብላጫ ድምፅ፣ ብረቱ የሚጠበቅበትን እንዳሟላ፣ ሰውዬው ግን ገና መሻሻል እንደሚቀረው ተወሰነ። አቶ ኅሩይ ከጉልበቱ ላይ እንዲነሱ ተደረገ። ቀዶ ሕክምናው የተዋጣለት ነበር፤ ጉልበቱ አንድ ጭረት እንኳ አላገኘውም።

እሑድ ጉልበቱ በኢንስቲትዩቱ መኪና መጥቶ ከድንኳኑ ራስጌ፣ ምንጣፍ በለበሰ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አቶ ኅሩይ በክራንች መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ሙሽሮቹ ሲቀርቡ የቀረቻቸውን የግራ ጉልበት ዘረጉ።

«የተሸለመው እያለ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

አዜብ አባቷን አየች። «አባዬ፣ የቱን ልሳም?»

ካሜራው ተደግኗል፤ ከኋላዋ ሰው ይጋፋል። አቶ ኅሩይ ወደ ወንበሩ በአገጫቸው አመለከቱ። አዜብ ብረቱን ሳመች። ሙሽራውም ሳመ፤ ሚዜዎቹም፣ አክስቶቹም፣ ዶክተር እንግዳወርቅም ተከትለው ሳሙ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ እኮ» አለ ካሜራማኑ።

አቶ ኅሩይ ክራንቻቸውን አስደግፈው በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ።

«እደግ፣ ልጄ» አለ ጉልበቱ።

ሊስሙት ጎንበስ አሉ። በተወለወለው ብረት ላይ ድንኳኑ፣ አምፖሉ፣ ከኋላቸው የቆመው እንግዳ ሁሉ አንድ በአንድ ይታይ ነበር። ከፊት መታየት የነበረባቸው እሳቸው ብቻ አልነበሩበትም።