የእምነት ቃል

የእስረኞቹ መኪና ግቢው ውስጥ ገብቶ ገና ሳይቆም፣ ፀጉር ሠሪዋ ከሰዉ መሀል ወጥታ ወደ ኋለኛው በር ሮጠች። ወንድሟን ከመኪናው ወርዶ ችሎት እስኪገባ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ካልቀደመችው፣ ጀርባውን ብቻ አይታ እንደምትመለስ ታውቃለች። አንዲት ደንበኛዋን ፀጉሯን ቀለም ቀብታ ሳታጥባት ለባልደረባዋ ትታ ነው የመጣችው።

«ወደ ኋላ!» አለ አጃቢው ፖሊስ።

«እህቱ ነኝ። ዐይኑን ልየው ብቻ።»

«እዚህ የመጣ ሁሉ የአንዱ እህት ነው። ወደ ኋላ በይ ብያለሁ!»

ወንድሟ ከሌላ እስረኛ ጋር በአንድ ካቴና ተጠፍንጎ ወረደ። ከስቷል። ባለፈው ያስገባችለት ሸሚዝ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ይወዛወዝበታል። ሲያያት ግን ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ዛሬ ያልቃል» አላትና አለፈ።

ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር «ዛሬ ያልቃል» የምትለው እሷ ነበረች። እሱ ብሏት አያውቅም።

ወንድሟ የአንድ ድርጅት ዕቃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከመጋዘኑ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ጠፉ። ቁልፉ ያለው በእሱና በሥራ አስኪያጁ እጅ ስለነበር፣ ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ጣቱን ቀሰረና ነገሩ በዚያው አለቀ። ሊሰወር ይችላል ተብሎ ዋስትና ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሮ ቀጠሮ በቀጠሮ ነው። አንዴ ዳኛው ተዛውረዋል፤ አንዴ መብራት የለም፤ አንዴ መዝገቡ ጠፍቶ ከርሞ ሌላ ችሎት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተገኘ፤ አንዴ ደግሞ እስረኞቹን የሚያመጣው መኪና ጎማ የለውም ተባለ። ከሁሉ የባሰው ግን የዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክር፣ ያው ሥራ አስኪያጁ፣ ብቅ አለማለቱ ነው። ታስሮ ይቅረብ ተብሎ ቢታዘዝም ፖሊስ «አድራሻውን አጣነው» እያለ ይመልሳል። ሰውየው ግን በየጠዋቱ መኪናውን እየነዳ በፀጉር ቤቷ ደጃፍ ያልፋል። አንዳንዴ ጥሩምባ ሁሉ ያሰማል፤ ለእሷ ይሁን ለእግረኛ አታውቅም።

ወደ ችሎቱ በር ስትመለስ፣ ሰው ሁሉ «አባባ» የሚላቸው ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፎ በቆመው አግዳሚ ጥግ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ኮታቸውን ቦርሸዋል፤ ጢማቸውን ተላጭተዋል። አባባ ከመጋዘኑ ጎን ያለ ግቢ የሌሊት ዘበኛ ነበሩ። ሞተሮቹ በጠፉበት ሌሊት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቆሞ ሲያስጭን በዐይናቸው አይተዋል። ማንም ሳይጠራቸው ፀጉር ቤቷ ድረስ ጠይቀው መጥተው፣ «ይህን ሳልናገር ብሞት መሬት አትቀበለኝም» ያሏት እሳቸው ናቸው። በየቀጠሮው ሳይተኙ እየመጡ ማታ ሥራ ላይ ስላንጎላጁ ከዘበኝነቱ ተሰናብተዋል። ይህን እንኳ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው።

«ዛሬስ ምንድን ነው ልጄ፣ ዳኛው ጥርሳቸውን አሟቸው?»

«ገና አልሰማሁም አባባ።»

«እኔ ቀጠሮ አላጓድልም። ብሞት እንኳ ሬሳዬን አምጥታችሁ እዚህ አጋድሙትና ‹ምስክሩ ቀርቧል› በሉ። ‹ዳኛው አዲስ ናቸው፣ ሬሳው ለሚቀጥለው ዓመት ይቅረብ› ይሏችኋል።»

ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ጠበቃው ከኮሪደሩ መጨረሻ በእጁ ጠራት። መንግሥት ያቆመላቸው ተከላካይ ጠበቃ ነው፤ ወጣት ቢሆንም ከአሁኑ ጎብጧል። የታቀፈው የመዝገብ ክምር አገጩ ድረስ ደርሷል።

«ምስክሩ ዛሬም አልመጣም» አላት። «ዳኛዋም ትናንት የተመደቡ ናቸው፤ መዝገቡን አላዩትም። ቀጠሮ ቢሰጡ ከፍርድ ቤቱ እረፍት በኋላ ነው የሚሆነው።»

«ምስክር ካልመጣ መዝገቡ ይዘጋል አላልከኝም ነበር?»

«ጠይቄ ነበር። ‹ለመጨረሻ ጊዜ› ይሉና ይቀጥሩታል። ይሄ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሉት ነገር መጨረሻ የለውም።» መዝገቦቹን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረ። «እህቴ፣ ወንድምሽ ዛሬ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሊያምን ነው።»

«ምን አድርጌ ብሎ?»

«ካመነ ዛሬውኑ ይፈረድበታል። የሚፈረድበት እስካሁን ከታሰረው አይበልጥም። ለማታ ቤቱ ነው።»

«አልሰረቀማ!»

«አውቃለሁ።»

«አባባ እኮ ተቀምጠዋል! ያዩትን ይናገሩ!»

«የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሳይሰማ የእኛ አይሰማም። የእነሱ ደግሞ አይመጣም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ይዞ ከቀጠለ እንደታሰረ ይከርማል። ከዋሸ ይፈታል። እኔም ስሜ ሲጠራ ‹ጠበቃ› ስለሚሉኝ አፍራለሁ። ሌላ የምልሽ የለኝም።»

ፖሊሱን አባብሎ ከወንድሟ ጋር ጥቂት እንድትነጋገር አደረገ። እስረኞቹ በጠባብ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ ክፍሉ ላብና የረጠበ ሲሚንቶ ይሸታል። ወንድሟ ግድግዳውን ተጠግቶ ቦታ ለቀቀላት። ቁጢጥ አለች።

«አብደሃል?»

«ተይኝ፣ እትዬ።»

«እማዬ ጠዋት ምን ብላ እንደላከችኝ ታውቃለህ? ካልጋዋ ቀና ብላ፣ ‹ስሙን አጥበሽ አምጪልኝ› ነው ያለችኝ። ሌባ ነኝ ብለህ ስትመጣ ምን ልበላት?»

የካቴናውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ያሻሽ ጀመር። ከጎኑ የታሰረው ሰውዬ ላለመስማት ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«እሁድ ዕለት ሚስቴ ልጄን ይዛት መጥታ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሲይዙኝ ድክ ድክ አላለችም ነበር፤ አሁን አፏን ፈትታለች። ከብረቱ ወዲያ ቆመች። ‹ሰላም በዪው› አለቻት እናቷ። ምን ያለችኝ ይመስልሻል?»

«ምን አለችህ?»

«‹ደህና ነዎት?›»

ፀጉር ሠሪዋ ቀና ብላ አየችው።

«አንቱ አለችኝ፣ እትዬ። የማታውቂውን ትልቅ ሰው አንቱ በዪ ብለው አስተምረዋታል። ጨዋ ልጅ ናት።» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «አንቺ እውነቱን ታውቂያለሽ። አባባም ያውቃሉ። ለእኔ ይበቃኛል። ሌላ ቀጠሮ ግን አልችልም። ብትፈልጊ እዚህ እግርሽ ላይ ልውደቅ፤ አልችልም።»

«ለአባባስ ምን እላቸዋለሁ?»

«አንቺው ንገሪያቸው። እኔ ፊታቸውን ደፍሬ አላይም።»

እነግራቸዋለሁ ብላ ወጣች። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጸሎት መስሏት ቆመች። ጠጋ ስትል ግን የምስክርነት ቃላቸውን ሲያጠኑ ሰማቻቸው፤ «መኪናዋ ነጭ ናት፣ የኋላ መብራቷ አንዱ ተሰብሯል፣ እሱ ቆቡን ደፍቶ ነበር...»

«አባባ» አለች።

«መጣሽ? አይዞሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ ዐይናቸውን ገልጠው።

የእኛ እያደር ደፈረሰ ልትል ፈለገች፤ ሳትል ቀረች። የችሎቱ ተላላኪ በሩ ላይ ብቅ ብሎ የመዝገቡን ቁጥር ጮኾ ጠራ። አባባ ኮታቸውን ቆልፈው ከእሷ ቀድመው ገቡ።

ችሎቱ ጠባብ ነው፤ ኋላ የተቀመጠ ሰው የፊተኛውን ማጅራት እያየ ነው የሚውለው። ዳኛዋ ጉንፋን ይዟቸዋል። ከፊታቸው ሁለት የመዝገብ ክምር አለ፤ ከአንዱ አንስተው ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ ያልታየው ክምር ግን ያነሰ አይመስልም። ክፉ ሰው አይመስሉም። ፀጉር ሠሪዋ ክፉ ቢሆኑ ደስ ባላት ነበር፤ ቢያንስ የምትረግመው ሰው ታገኝ ነበር።

«ተከሳሽ የእምነት ክህደት ቃሉን መለወጥ ፈልጓል» አለ ጠበቃው።

«ተከሳሽ፣ በራስህ ፈቃድ ነው? ያስገደደህ አለ?»

ወንድሟ መስኮቱን ለአፍታ ተመለከተ። «ማንም አላስገደደኝም።»

«ሞተሮቹን ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ።»

ከጎኗ አግዳሚው ሲጢጥ አለ። አባባ አንገታቸውን ወደ ፊት አስግገዋል።

«ምን አለ?» አሉ በሹክሹክታ። «ልጄ፣ ምን አለ? ጆሮዬ ነው?»

«ጆሮዎ ደህና ነው አባባ።»

«ውሸቱን ነው እኮ! ያስጫነውን ሰውዬ እኔ...»

«ዝም ይበሉልኝ፣ አባባ። በናትዎ።»

«ጸጥታ!» አለ ተላላኪው። ዳኛዋ አፍንጫቸውን በመሀረብ ጠረጉና ጥቂት ጻፉ። ዐቃቤ ሕጉ ስልኩን አየት አድርጎ ኪሱ ከተተ።

«ወደ ቅጣቱ ከማለፋችን በፊት፣ የምትጨምሩት አለ?»

ዐቃቤ ሕጉ የለም አለ። ጠበቃው የለም አለ። ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሟል፤ ትከሻው ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ ከኋላው ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው። የአባባ ቀኝ እጅ ተነሳ። እንደ ተማሪ፣ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ነው ያነሱት፤ ከመቀመጫቸውም ግማሽ ተነስተዋል። መጀመሪያ ከመጡበት ቀን ጀምሮ ሲጠብቁት የኖሩት ጥያቄ ይኸው ተጠየቀ።

ፀጉር ሠሪዋ ክንዳቸውን ያዘች። ከኮቱ ውስጥ አጥንት ብቻ ነበር። ዞረው አዩዋት፤ ቁጣ ይኖራል ብላ ነበር፣ ያየችው ግን ግራ መጋባት ነው። ቀስ አድርጋ እጃቸውን አወረደችው። ጉልበቷ ላይ አኑራ በሁለት እጇ ጠበቅ አደረገችው።

ዳኛዋ ቀና አሉ። «እኚያ አባት የሚሉት አለ? እጅ ያነሱ መሰለኝ።»

«የሚሉት የለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እኔን ሊያጅቡኝ ነው የመጡት።»