ሁለት ሰንበት ወደ ቀኝ

ግትር ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ከያዘች አትለቅም» ትላለች። ያ የሳይን ግራፍ ግን አስለቀሰኝ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን ቻላቸው «ሳይን፣ በቅንፍ ኤክስ ሲቀነስ ዘጠና» ብለው ጻፉ። ሲቀነስ ነው ብዬ ግራፉን ወደ ግራ ገፋሁት። ሦስተኛ ስህተቴ ነበር።

«ወደ ቀኝ ነው አልኩሽ እኮ፣ ሉሊት!»

«ለምን?» አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ።

ትዕግሥታቸው አለቀ። «ማክሰኞ ለምን እንደሆነ ራስሽ ታስረጃለሽ። ካልሆነ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሻልሻል።»

የውሃ መሐንዲስ እሆናለሁ ካልኩ ቆየሁ፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ከገባሁ ያ ቀረ። ተናደድኩ። ሸምድጄ አልቀርብም፣ ገብቶኝ ነው የምቀርበው አልኩ።

ቅዳሜ ከምማርበት ከወረታ ወደ መንደራችን ቁሐር ሚካኤል፣ ቤታችን ገባሁ። አባቴ በየሰንበቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ የሩዝ ማሳችንን ውሃ በበትር ይለኩና ልኩን በበረቱ በር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በቢላ ይጭራሉ፤ የአምናውን በላይኛው ሳንቃ፣ የዘንድሮውን ከሥሩ፣ ሰንበቱን ከሰንበቱ ትይዩ። ቢላዋውን ለማንም አይሰጡም።

በማግስቱ እሑድ ከጫሩ በኋላ ጣታቸውን በላይኛው ሳንቃ ላይ ሁለት ጭረት ወደ ኋላ መለሱ።

«ምን ይፈልጋሉ፣ አባየ?»

«ዘንድሮ ክረምቱ ሁለት ሰንበት ዘግይቶ ገባ። የዛሬው ውሃ አምና የነበረው ተሁለት ሰንበት በፊት ነው። ተዚያ ቀጥሎ ያለውን አይቼ መቼ እንደሚሸሽ አውቃለሁ፤ ጓያውን ያን ጊዜ እዘራለሁ።»

ደርቄ ቀረሁ። የዘንድሮው ቅርጽ የአምናው ነው፤ ሁለት ሰንበት ወደ ቀኝ ሄዷል እንጂ። እሱን ለማግኘት ግን ወደ ኋላ መቁጠር፣ መቀነስ አለብኝ። ስንት ቀን ያንገበገበኝ ነገር በረታችን በር ላይ ነበር! በደስታ ጮኽኩ፤ በሬው ደነበረ።

ማክሰኞ ጠመኔ አንስቼ ግራፉን ዘጠና ዲግሪ ወደ ቀኝ ሳልኩት።

«ለምን ወደ ቀኝ?» አሉ መምህር ቻላቸው።

«ስለዘገየ ነው። እዚህ ያለውን ለማወቅ ዋናው ግራፍ ከዘጠና ዲግሪ በፊት የነበረውን አያለሁ፤ ስለዚህ እቀንሳለሁ።»

«ሲደመርስ?»

«ቀድሞ የገባ ክረምት ነው፤ ወደ ግራ ይሄዳል።»

ሰሌዳውን ትንሽ አዩና «እኔ እንዲህ አድርጌ አላስተማርኩሽም» አሉ። የማኅበራዊ ሳይንስን ነገር ዳግም አላነሱም።

በሚቀጥለው ሰንበት አባቴ በትራቸውን ሲያነሱ «ሳይለኩ ልንገርዎት» አልኩና ልኩን በሳንቃው ላይ በጣቴ ያዝኩ። ማሳ ደርሰው ተመለሱ፤ እርጥቡን በትር ከጣቴ ጎን አቆሙት። የሳትኩት አንድ ጣት ብቻ ነው።

ቢላዋውን ሰጡኝ።