ጣት የሌለው ጓንት

የጓንቱን ጣቶች የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ስራገም ጥፋቱን ሁሉ በሰው ላይ የምደፈድፍ እንዳይመስል ነው። የራሴን ድርሻ አውቃለሁ። የሌሎቹን ግን አልሸከምላቸውም።

ሎሚ እባላለሁ። ወለንጪቲ አጠገብ ባለ የመስኖ እርሻ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የቲማቲም ችግኝ ስተክል ኖሬአለሁ። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ችግኙን ከመደቡ ትነቅያለሽ፣ ሥሩን ባልዲ ውስጥ ባለው መድኃኒት ትነክሪያለሽ፣ ውሃ በጠጣው ትልም ላይ በአውራ ጣትሽ ቀዳዳ ታበጂና ትተክያለሽ፤ ከዚያ በሁለት ጣት አፈሩን ጠቅ ጠቅ። ካጠበቅሽ አንገቱ ይቀነጠሳል፤ ካላላሽ ቀትር ላይ ይተኛል። ልኩን የሚያውቀው የጣት ጫፍ ብቻ ነው። መድኃኒት የምንለው ደግሞ ትል የሚገድለውን ነው። ስሙ መድኃኒት የሆነን ነገር ማን ይፈራል? እኛም አልፈራነውም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ስለ ሠራተኛ እጅ የሚጠይቁ እንግዶች መጥተው በሄዱ ማግሥት፣ ጆቴ የሚባለው የእርሻው ባለቤት ጓንት በካርቶን ይዞ መጣ። አረንጓዴ፣ ወፍራም ላስቲክ ነው። «ከእንግዲህ እኔና እናንተ እጅና ጓንት ሆነን ነው የምንሠራው» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ካቦአችን ነጋሳ ወረቀት ዘረጋ፤ «የእጅ መከላከያ ተረክቤአለሁ» ይላል። ስሜን መጻፍ አውቃለሁ፤ እስክሪብቶ ስጠይቀው ግን የማኅተም ቀለሙን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«በጣት ይሁን፤ ጣት አይካድም» አለ።

ወይን ጠጅ ቀለም ነክሬ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።

ጓንቱን በለበስንበት ጠዋት በአንድ መስመር ላይ ብቻ ዘጠኝ ችግኝ ቀነጠስኩ። ላስቲኩ ለጣት ምንም አያሰማም፤ ብርድ ልብስ ለብሶ መርፌ ክር እንደ ማስገባት ነው። የሚከፈለን በመስመር ነው፤ የተቀነጠሰም ከእኛው ይቆረጣል። ነጋሳ ከበላዬ ቆሞ፣ «ሎሚ፣ ዛሬ ምን ነካሽ? ሰክረሽ ነው እንዴ?» አለኝ። ደሜ ፈላ። በምሳ ሰዓት ምላጭ አውጥቼ የዐሥሩንም ጣት ጫፍ ቆረጥኩት። መዳፌ ተሸፈነ፣ ጣቴ ነፃ ወጣ፣ ከሰዓት እንደ ድሮዬ ተከልኩ። ሴቶቹ አይተው የእነሱንም አመጡልኝ፤ ሰልፍ ይዘው። በማግሥቱ ነጋሳ ሁላችንንም አየ፤ ይቆጣል ስንል፣ «ጎበዝ፣ መላ ታውቃላችሁ» ብሎ ሄደ። እኔም ደስ አለኝ። ዛሬ ያንን ደስታዬን ሳስታውስ ፊቴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

አንዲት ሴት ብቻ እምቢ አለች። ሜቲ ትባላለች፣ የሰፈሬ ልጅ ናት። «የተሰጠኝ እጄን እንዲሸፍን ነው፤ ጣቴ የእጄ አይደለም ወይ?» አለች። አይ የሳቅነው ሳቅ። «ዶክተሯ መጣች» እንላታለን፤ «ዛሬ ስንት ሰው ቀደድሽ?» እንላታለን። ከሁሉ የባሰ ስትቀልድባት የነበረችው እኔ ነበርኩ። ቀስ ብላ ስለምትተክል ነጋሳ ወቅቱ ሳያልቅ አሰናበታት። ወደ ሞጆ ሄደች፤ እኛም ረሳናት።

የእኛ ጣቶች መጀመሪያ አሳከኩ። ቀጥሎ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጡ። ማታ ማታ ቫዝሊን እንቀባቸው ነበር። ከዚያ ማሳከኩም ተወኝ፣ ጫፋቸው ልስልስ አለ። የሥራ ባልደረባዬ ውዴ አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ «የከተማ ሴት ጣት ሆነልሽ እኮ» አለችኝ። ኮራሁ። የሚጠፋው ነገር የሚያምር መስሎኝ ኮራሁ።

ባለፈው መስከረም ሜቲ ደወለች። ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ያለ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። አንዲት ሴት ልትለቅ ስለሆነ ስሜን አስመዝግባልኛለች። ጥላ ሥር ነው፣ ደመወዙ በወር ነው፣ ስትታመሚ ያሳክሙሻል፣ እሑድ ዕረፍት ነው። ያንን ሁሉ ከቀለድኩባት በኋላ ያስታወሰችው እኔን ነው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ወገቤ ከዚህ በላይ አንድ ወቅት እንደማይችል እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

ለምዝገባ በምሄድበት ቀን እጄን በሎሚ ፈተግኩ፤ የቲማቲም ቅጠል ጥቁረት በሌላ አይለቅም። ሎሚን በሎሚ አጥቤ፣ ንጹሕ ነጠላዬን ለብሼ፣ በሚኒባስ አዳማ ገባሁ፤ ከዚያ የሞጆን ያዝኩ። ሜቲ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ወፈር ብላለች፣ አምሮባታል። በሩ ጎን ግድግዳ ላይ ትንሽ ጥቁር ማሽን ተለጥፏል። ጣቷን አስነካችው። «ታንክ ዩ» ብሎ አመሰገናት።

«ጠዋት ጣት፣ ማታ ጣት ነው» አለችኝ። «በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።»

መዝጋቢው አዶኒያስ የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ገና አርባ ዓመቴ ነው፤ እሱ ግን «እናቴ፣ ይቀመጡ» አለኝ። መታወቂያዬን አየ፣ ስሜን ጻፈ፣ ሰኞ ትጀምራላችሁ ከሚባሉት ጋር ቁጥር ሰጠኝ። የቀረው ጣት ብቻ ነው። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ።

«እንደገና ነው የሚለው» አለች ሜቲ።

እንደገና አስቀመጥኩ። ያንኑ አለ። አዶኒያስ ጣቴን በሶፍት ጠረገልኝ፤ አንዴ እርጥብ ይሁን አለ፣ አንዴ ይድረቅ አለ። ሌባ ጣቴን፣ የመሃሉን፣ የቀለበቱን፣ ማርያም ጣቴን ሁሉ ሞከርን። ወደ ግራ እጄ ተሻገርን። ከኋላዬ የቆሙት ማጉረምረም ጀመሩ። በመጨረሻ አዶኒያስ እጄን ገለበጠና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው።

«እናቴ፣ የአሻራ መስመር የለዎትም» አለኝ በቀስታ። «ማሽኑ ጣት የለም ነው የሚለው።»

ዐሥሩን ጣቶቼን አየኋቸው። ሁሉም አሉ።

«ልፈርም፤ መጻፍ እችላለሁ» አልኩት።

«ሲስተሙ ጣት ካልሆነ አይቀበልም። ጥቂት ወራት እጅዎን ቢያሳርፉት ሊመለስ ይችላል ይባላል።»

ጥቂት ወር እጄን ባሳርፍ ማን ያበላኛል ብዬ ልጮህበት ነበር፤ ግን እሱ ምን አደረገ? ሜቲ ከጎኔ ቆማ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። እንዳላይባት ነው። ያኔ የቀለድኩባትን መልሳ ብትቀልድብኝ ይሻለኝ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አመሰግናለሁ ያለኝ ሰው የለም፤ ማሽንም ነፈገኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል ስሰማ ሌላ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስለ ራሱ ስለ እጅ ነው።

ሰኞ ጠዋት እርሻው በር ላይ ተገኘሁ። የት ልሂድ? ነጋሳ፣ «አካም ቡልቴ ሎሚ፣ እንዴት አደርሽ፣ ጠፋሽ» አለኝ። አዲስ ካርቶን ከፍቷል፤ ጓንት እያደለ ነው። ከፊቱ ፋይል አለ፤ የዘንድሮው ወረቀት ከላይ፣ የድሮዎቹ ከሥር።

«ኦቦ ነጋሳ፣ ያንን የመጀመሪያውን አሳየኝ እስቲ» አልኩት።

ተገርሞ ገለጠልኝ። ከስሜ ፊት ለፊት አውራ ጣቴ አለ። መስመሩ ጥርት ያለ ነው፤ በደንብ የታረሰ ማሳ ይመስላል፤ መሃሉ ላይ ከሕፃንነቴ የማጭድ ጠባሳ አለ። እዚያ ወረቀት ላይ እኔ አለሁ። ሌላ የትም የለሁም።

«ይቺን ወረቀት ስጠኝ።»

«ሰነድ ናት፤ አትወጣም» አለና ዘጋው። «እጄ ተጎዳ ብለሽ ነገ ብትመጪ ጓንት መውሰድሽን በምን አሳይ? በይ ፈርሚ።»

ቀለሙን ነክሬ አሳረፍኩ። ወረቀቱ ላይ የቀረው የወይን ጠጅ ቀለም ጠብታ ብቻ ነው፤ ምንም የለበትም።

«እየው፣ ምንም የለውም እኮ። ይሄ የማን ጣት ነው?»

«ቀለሙ ካረፈ ይበቃል» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ጓንቱን ሰጠኝ። ክብደቱ ቀለል አለኝ። ገለባብጬ ሳየው ዐሥሩም ጣቶች ጫፋቸው የለም፤ በመቀስ ልክ በልክ ተቆርጠዋል።

«እንዳትደክሙ ብዬ ካርቶኑን ሙሉ ቆርጬ ነው ያመጣሁት» አለ ነጋሳ። «መላው ያንቺ አይደል?»

እውነቱን ነዋ።

ከኋላዬ የቆመችው ደራርቱ የምትባል አዲስ ገቢ ናት። ጓንቱን ለክታ፣ «ጥሩ ነው፣ ጣት አይዝም» አለች፤ ደስ ብሏታል። አውራ ጣቷን ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ስታነሳው መስመሮቿ አንድ በአንድ ወጡ።

«ጣትሽን ደህና አድርገሽ እዪው» አልኳት።

ቀለም ነክቶሻል ያልኳት መስሏት በቀሚሷ ጠረገችው።