ሁለት ጣት ወደ ግራ

ጀርባዋ የጎበጠ ሴት ወደ ድንኳኑ ስትገባ አይናዲስ ከፍራሹ ብድግ አለች፤ አታውቃትም። የአባቷ የእምሩ ሰልስት ነው። ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ ባለው ግቢ የተሰበሰበው ለቀስተኛ ስለ እሱ የሚያውቀው፣ ሆስፒታል ውስጥ ማደንዘዣ ይሰጥ እንደነበርና ዝምተኛ እንደነበር ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ከዲጃ እባላለሁ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም ታሪኳን ጀመረች።

በ1978 ምጥ ጠናባት። ልጁ በቀዶ ጥገና መውጣት ነበረበት። ግን የጎበጠው ጀርባዋ ሳንባዋን ስለሚጫነው፣ ሙሉ በሙሉ ቢያስተኟት ላትነቃ ትችላለች። የቀረው ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌ ነው። እሱም አራት ጊዜ ተሞክሮ አጥንት እየነካ ተመለሰ።

ያኔ እምሩ ተጠራ። ጀርባዋን ዳሰሰና ወጥቶ ሮጠ። ሲመለስ፣ የነፍሰ ጡሮች ጽንስ የሚታይበትን አልትራሳውንድ እየገፋ ነበር። ቀዶ ጥገናውን የሚያደርጉት ዶክተር ገብረሕይወት መሣሪያው ለጀርባ አይደለም ብለው ተቆጡ። እምሩ ግን ነገሩን ከውጭ አገር መጽሔት እንዳነበበ፣ በምሳ ሰዓት በባልደረቦቹ ጀርባ ላይ ሲለማመድ እንደከረመ ነገራቸው። አምስት ደቂቃ ለመናቸው።

ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን በወገቧ ላይ አንሸራተተው። አጥንቱ ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ በጥላዎቹ መካከል ግን ቀጭን ብርሃን አለ። የመርፌው መንገድ እሱ ነው። አከርካሪዋ ስለተጣመመ እስካሁን የተወጋው ሁሉ ከመንገዱ ውጭ ነበር።

“‘ሁለት ጣት ወደ ግራ’ አሉ አባትሽ” አለች ከዲጃ፣ ዓይኗ እያበራ። “ዶክተሩም ጎንበስ ብለው አዩና ቦታ ለቀቁላቸው። አባትሽ ጥልቀቱን ለኩ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አደረጉ፣ ወጉኝ። እግሬን ሞቀኝ፤ ከዚያ እግሬ ራሱ ጠፋኝ። የልጄን የመጀመሪያ ለቅሶ በጆሮዬ ሰማሁ።”

 አይናዲስ ልጅ ሳለች በዚያው ዓመት የሆነ አንድ ቀን ትዝ አላት። አባቷ በጠራራ ፀሐይ ትልቅ ኬክ ተሸክሞ መጥቶ “ገባ” አለ። እናቷ ዘርፌ እስር ቤት ማለቱ መስሏት፣ “ማን ገባ?” ብላ ክው አለች። እሱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ እንጂ አልመለሰላትም።

አይናዲስ በሌላ ጎኗ ወደተቀመጠችው እናቷ ዘንበል አለች። “እማዬ፣ መርፌው ነው የገባው።”

ዘርፌ ግራ ገብቷት ልጇን አየቻትና ሁሉንም እንድትነግራት ጠየቀቻት። አይናዲስ ቃል እየተሻማባት ነገረቻት።

ከዚያም ወደ ከዲጃ ዞረች። “የት ጋ ነበር?”

ከዲጃ ጀርባዋን ሰጠቻት። አይናዲስ በቀሚሱ ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ ለቀስተኛው ሊሰናበታት ሲመጣም እጇን አላነሳችም።