ቶይባ ይቅርታ አልጠይቅም አለች

ቶይባ የፊዚክስ ፈተናዋ ላይ አራቱንም ምርጫዎች ሰርዛ «ምንም» ብላ ጻፈች። ጥያቄው «ሚኒባስ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው፣ ተሳፋሪውን ወደ ቀኝ የሚገፋው ኃይል የቱ ነው?» ይላል። መምህር ኃይለገብርኤል ዜሮ ሰጧት። መልሱ ሴንትሪፉጋል ፎርስ፣ ከመዞሪያው መሀል ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ነው አሉ። እሷ «የሚገፋው የለም» ብላ ድርቅ ስትል ክፍሉ በሳቅ አወካ፤ የመምህሩ ደም ፈላ።

«አባትሽን አምጥተሽ ይቅርታ ካልጠየቅሽ ክፍሌን አትረግጪም!»

አባቷ ታጁዲን ከላንቻ ካዛንቺስ ታክሲ ይነዳል። በማግስቱ ሥራውን አቋርጦ ሚኒባሱን ትምህርት ቤቱ ግቢ አስገባ።

«በይ ይቅርታ በይና እንገላገል። ስታጠፍ ሰው ወደ ቀኝ ሲሄድ ሀያ ዓመት አይቻለሁ።»

«ከውስጥ ሆነህ ስለምታይ ነው፣ አባ። አንዴ ብቻ ንዳልኝ። ከተሳሳትኩ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።»

አጠገባቸው የቆሙት መምህር «ጉድሽን አያለሁ» ብለው ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ። ቶይባ የመኪናው ወለል ላይ ኳስ አስቀመጠች፤ የጎን በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ታጁዲን የኳስ ሜዳውን ነጭ መስመር ይዞ ነዳና መሀል ላይ ወደ ግራ ታጠፈ። ኳሷ በበሩ ተንከባላ ወጣች።

«ይኸው! ተገፋች!» አሉ መምህሩ።

«አሁን ደግሞ ወርደው ይዩልኝ፣ ቲቸር።»

ቶይባ ኳሷን ወለሉ ላይ መልሳ ከመምህሩ ጋር መስመሩ ጫፍ ላይ ቆመች። ታጁዲን ደገመው። መኪናው ወደ ግራ እጥፍ ሲል ኳሷ ወጥታ፣ ቀኝም ግራም ሳትል፣ ነጩን መስመር ተከትላ መጥታ ጫማቸው ሥር ቆመች።

«ወላሂ!» አለ ታጁዲን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «ለካ ተሳፋሪው በቀጥታው ነው የሚሄደው፤ ከሥሩ የምሸሸው እኔ ነኝ!»

«ከውስጥ ሲታይ ግን ተገፍታለች» አሉ መምህሩ ቀስ ብለው።

«ከውስጥ፣ አዎ። ሒሳቡም እንደዚያ ይሠራል። እርስዎ የጠየቁት ግን ስለ መንገድ ዳሩ ሰው ነው።»

«በቃ፣ ማርክሽን አስተካክላለሁ። ግቢ።»

«ለክፍሉም ይነገር። እነሱ ፊት ነው ዜሮ ያሉኝ።»

መምህሩ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ታጁዲን «አሁንስ አበዛሽው» ቢላትም ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር።

በማግስቱ መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፉና ጀርባቸውን ለተማሪው እንደሰጡ «ተሳስቼ ነበር» አሉ፣ በለሆሳስ።

ቶይባ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አልተሰማም።»

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። ዞሩ። ደግመው ተናገሩት።