ምላስ የሚያቃጥለው ዓሣ

እትዬ መርፌ የእናት አባታቸው ስም አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ስለኖሩ፣ ምላሳቸውም እንደ መሣሪያቸው ስለሚወጋ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። አንድ ልጃቸው አግብቶ ሚስቱን እቤታቸው ካመጣ ወዲህ ደግሞ ዐይናቸውም መርፌ ሆነ። ምራታቸው በዓሣ ማዘጋጃ ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ ስትገፍፍና ስትበልት ነው የምትውለው። ዝምተኛ ናት። እሳቸው ደግሞ ዝምተኛ አይወዱም፤ «ድምፅ የሌለው ወንዝ ነው ሰው የሚወስደው» ይላሉ።

ባላቸው ልባቸውን ካመማቸው በኋላ ሐኪም ጮማና ቅቤ ከልክሎ ዓሣ እንዲያዘወትሩ መክሯቸው ነበር። ልጅየው እሱ ራሱ ከሕፃንነቱ ዓሣ ባይወድም፣ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሥጋው ቀላ ያለ ትልቅ የባሕር ዓሣ ይዞ ገባ።

«አሁን ነው የገዛሁት» አለ።

«ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው እናቱ ግንባሩን ሳሙት።

ምራት ዓሣውን ጠብሳ ከሩዝ ጋር አቀረበች። ከዚያ ለመቅመስ ያህል ከጠርዙ ቆረስ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተችና ወዲያው መዳፏ ላይ ተፋችው።

«እማማ፣ አይብሉት። አባባም ይተዉት። ምላስ ያቃጥላል።»

«ቁንዶ በርበሬ አበዛሽበት?»

«ከጨው በቀር ምንም አላደረግሁበት። ለዚያ ነው የምልዎት።»

«ይሸታል?»

«አይሸትም፤ ግን…»

«ታዲያ! ልጄ የገዛው ስለሆነ እንጂ ከፋብሪካሽ ቢመጣ ጣት ያስቆረጥም ነበር።»

ትልቁን ቁራጭ ለባላቸው አድርገው ሌላውን ራሳቸው በሉ። ባላቸውም ሚስታቸውን ከመከራከር መብላት ይቀላቸዋል።

ሳህኑ ሳይነሳ የሰውየው ፊትና አንገት በርበሬ መሰለ። ደረታቸው ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ልባቸው ድው ድው ይል ጀመር። እትዬ መርፌንም ራስ ምታት ፈለጣቸው። ልጅየው ሁሉንም በመኪናው ጭኖ ክሊኒክ አደረሳቸው። እዚያ እትዬ መርፌ በመርፌ ተወጉ፤ በሌላ ቀን ቢሆን እሳቸው ራሳቸው ይስቁበት ነበር።

«ዓሣው ሙቀት ላይ ቆይቷል» አለች ሐኪሟ። «እንዲህ ያለው ዓሣ በረዶ ላይ ካልዋለ ሥጋው ውስጥ መርዝ ይፈጠራል። እሳት አያጠፋውም፤ መልኩም ሽታውም ላይለወጥ ይችላል። የት ነበር የዋለው?»

«የትም አልዋለም፤ እንደገዛሁት ነው ያመጣሁት» አለ ልጅየው የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ። ምራት ቀና ብላ አየችውና አንገቷን ደፋች።

እትዬ መርፌ ያቺን አስተያየት አላለፏትም። ሐኪሟ ከተናገረችው ሁሉ ጆሯቸው ውስጥ የቀረችው «መርዝ» የምትለዋ ብቻ ነበረች። ምራታቸው ካላደረገችበት በምን አወቀች? እኛ ስንበላ እሷ ለምን ተፋች?

ከዚያ ወዲያ ከእጇ ውሃ እንኳ አልቀበልም አሉ። የጨውና የዘይቱን ዕቃ መኝታ ቤታቸው አስገቡ። ራሳቸው የቀቀሉትን እንቁላል ብቻ ይበሉ ጀመር፤ «ቅርፊቱ ያልተነካ ነገር ነው የሚታመን» እያሉ። ልጅቱ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን በዐይናቸው ይፈትሹታል፤ ስትተኛ በእጃቸው። ከአንድ ጥንድ ጓንትና ከሞረድ በቀር ምንም አላገኙም። አለማግኘታቸውም አባሰባቸው፤ «ብልጥ ናት!» አሉ።

«አንቺ ሴት፣ ልጅቱ እኮ አትብሉ ብላን ነበር» አሏቸው ባላቸው።

«እሱን እኮ ነው የምልህ!»

በመጨረሻ ማስረጃ ፍለጋ ተነሥተው ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄዱ። ዓሣው ከሱቅ ደህና ከወጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሊለይ ነው።

«ልጅዎን? አስታውሰዋለሁ እንጂ» አለ ሻጩ። «ጠዋት ሥራ ሳይገባ ነው የወሰደው። በረዶ ልጨምርበት ስለው መኪናዬ ይረጥባል ብሎ እምቢ አለ።»

«ጠዋት? አመሻሹ ላይ አይደለም?»

«እናቴ፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ ምን ዓሣ ይተርፋል ብለው ነው?»

እትዬ መርፌ አናት በሚበሳ ፀሐይ በእግራቸው ተመለሱ። መንገድ ዳር የቆመ አንድ መኪና በእጃቸው ነኩና አቃጥሏቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ቤት ሲደርሱ ምራታቸው ልብስ ታጥባለች።

«ታውቂ ነበር?»

ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። «ስቀበለው ለብ ይል ነበር። ጠየቅሁት፤ አሁን ነው የገዛሁት አለኝ። ባሌ ነው፣ አመንኩት። ስቀምሰው ነው የገባኝ።»

«ሐኪሟ ስትጠይቅ ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ልጅዎ ዋሸ ብል ያምኑኝ ነበር?»

እትዬ መርፌ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ልጃቸውን ጠበቁ። ልጃቸው ሲመጣ አፋጠጡት። «ትኩስ ነው ስልሽ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው፣ እማዬ» አለ መሬት መሬት እያየ። ክሊኒክ ውስጥም ውሸቱን የደገመው ሐኪሟ ፊት መዋረድን ፈርቶ እንደነበር አመነ።

ልጅየውና ሚስቱ ብዙ ሳይቆዩ ቤት ተከራይተው ወጡ። ማንም ማንንም አላባረረም፤ ሰው ግን እየተበረበረ አይኖርም። ሽማግሌው እሑድ እሑድ ምራታቸው ዘንድ ሄደው ዓሣቸውን በልተው ይመለሳሉ። እትዬ መርፌ እግሬን አመመኝ፣ ዝናብ መጣ እያሉ ከረሙና አንድ እሑድ ተከትለዋቸው ሄዱ።

ምራታቸው ተነሥታ ተቀበለቻቸው። የተሻለውን ወንበር ሰጠቻቸው፤ እጃቸውን አስታጠበቻቸው፤ ዓሣውን አጥንቱን ለይታ አቀረበችላቸው።

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አሉ እትዬ መርፌ ሳህኑን ሳይነኩ።

«ሳይቀዘቅዝ ይብሉ» አለች። እማማ አላለቻቸውም።

እሳቸውም በሉ።